ታቦት ያልገባበት ቤት

በደቡቡ በር በስተቀኝ፣ የሰው ግንባር በሚደርስበት ከፍታ፣ አንድ ድንጋይ ከሌሎቹ ተለይቶ ያብረቀርቃል። ጎረቤቶቹ ሸካራና አመድማ ናቸው፤ ሽበት አብቅለዋል። ይህ ግን ጥቁርና ልስልስ ነው፤ ቅቤ የጠጣ ይመስላል። ከቤቱ ሁሉ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። መዳፌን አሳረፍሁበት። ጠዋት ስለነበር ይቀዘቅዛል።

«አፍና ግንባር ነው እንዲህ ያወዛው» አለኝ በሩ ሥር አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ጥበቃ። «ድንጋይም ሲሳም ያምርበታል።»

ጥበቃው ደርበው ይባላል። ቤቱ ዳባት ከተማ ዳር፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ከሚወጣው አስፋልት ፈንጠር ብሎ፣ በባሕር ዛፍ መካከል የቆመ ክብ የድንጋይ ቤት ነው። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። እኔ የሄድሁት ስለ ቤቱ አሠራር ለምረቃ መጽሔት ጥቂት አንቀጽ እንድጽፍ ታዝዤ ነበር። ጽፌ ሰጠሁ። ይህ ከዚያ የተረፈው ነው።

በአካባቢው እንደሚነገረው፣ ቤቱን ያሠራው በንጉሡ ዘመን ፊታውራሪ ብርሃኔ የሚባል ባላባት ነው። አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ «አገሬ መጽሐፍ የሚቀመጥበት፣ ልጅ የሚያነብበት ቤት ይኑራት» አለ። ንድፉንም በወረቀት አስነድፎ መጣ፤ አራት ማዕዘን፣ ረጅም፣ ባለ ብዙ መስኮት። ሥራውን የሰጠው ከጃናሞራ ላስመጣው ሽማግሌ ግንበኛ ነው። ሽማግሌው ዕድሜ ልኩን የሠራው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር። ወረቀቱን አንድ ጊዜ አየው፤ ዘቅዝቆም አየው፤ አጥፎ በመቀነቱ ሸጎጠው። ከዚያ መሬት ላይ ችካል ተከለ፤ በችካሉ ገመድ አሰረ፤ ገመዱን ይዞ ዞረ።

ፊታውራሪው ሊጎበኝ የመጣው ግንቡ ከደረት ካለፈ በኋላ ነው አሉ።

«ምንድን ነው የሠራህልኝ? ቤተ ክርስቲያን ነውኮ!»

«የለም ጌታዬ፤ ታቦት ካልገባበት ቤት ነው።»

ግንቡም አልፈረሰም።

ቤቱ ዛሬም እንደዚያው ነው። በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ በር አለው። ውስጡ ክብ በክብ ነው። በውጨኛው ዙር፣ በቤተ ክርስቲያን ቢሆን ካህናት በሚያሸበሽቡበት በቅኔ ማኅሌቱ ቦታ፣ የማንበቢያ ወንበሮች ተደርድረዋል። ቀጥሎ ባለው ዙር፣ በቅድስቱ፣ መደርደሪያዎች ቆመዋል። መካከል ላይ፣ መቅደሱ በሚሆንበት ባለ አራት ማዕዘን ክፍል፣ የቆዩ መጻሕፍት ተቆልፎባቸዋል። ቁልፉ የሚንጠለጠለው ከቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ከወይዘሮ ዝናሽ አንገት ላይ ነው፤ ከእሷ በቀር የሚገባ የለም። ተማሪዎች ስትጠፋባቸው «መቅደስ ገብታለች» ይላሉ። መደርደሪያው ቀጥ ያለ፣ ግድግዳው የጎበጠ በመሆኑ ከየመደርደሪያው ጀርባ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ክፍተት ተርፏል። ፈተና ሲደርስ ተማሪ ይተኛበታል፤ ፈተና ሲያልፍ ፍቅር ይወራበታል። ጣሪያው ድሮ ከስሜን ደጋ የወረደ የጓሳ ሣር ነበር፤ በኋላ ቆርቆሮ ሆነ። ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው ሁሉ ንባቡን ትቶ ሽቅብ ያያል። በጣሪያው ጫፍ መስቀል የሌለው ጉልላት አለ። ክብ ቤት ያለ ጉልላት መጨረስ ሽማግሌውን እጁ እምቢ ብሎት ይሆናል።

ታዲያ ከአምባራስና ከጃናሞራ ለገበያ የወረደ ገበሬ ይህን ቤት ሲያይ ምን ያድርግ? ጋቢውን ያጣፋል፤ ይሳለማል። በደቡቡ በር የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ በአገሩ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች በር በዚያ በኩል ነውና። እኔ በነበርሁበት ጠዋት አንዲት ባልቴት ጥቁሩን ድንጋይ በግንባራቸው ነክተው ሳሙት።

«እማማ፣ ቤተ መጻሕፍት ነውኮ» አልኋቸው።

«ታዲያ መጽሐፍ አይሳምም?» አሉኝና ዘንቢላቸውን አንሥተው ሄዱ።

ደርበው ከአግዳሚው ተነሣ። «ልጄ፣ እባክህ ሰው አታርም።»

«ምን ይጎዳዎታል ጋሼ?»

«ነፍሴን» አለ።

የቀልድ ፊት አልነበረውም።

ደርበው የተወለደው ከመካነ ብርሃን ወዲያ ነው። ገብስ ያርስ ነበር፤ በጎችም ነበሩት። ታላቅ ወንድሙ ዋሴ በእርሻ ወሰን ተጣልቶ፣ ይታያል የሚባል ጎረቤታቸውን ገደለ። ዋሴ ተፈርዶበት ጎንደር ታሰረ፤ እዚያው ታሞ ሞተ። በመንግሥት ሕግ ነገሩ በዚህ አለቀ። በአገሩ ሕግ ግን ደሙ አልደረቀም፤ ከገዳዩ ወደ ገዳዩ ወንድም ተሻገረ። ደም መላሹ የይታያል ወንድም ገዱ ነበር። ደርበው እናቱን ለጎረቤት አደራ ብሎ አገሩን ለቀቀ፤ ዳባት መጥቶም ጠጠር ከሚፈልጡ የቀን ሠራተኞች ጋር ተቀላቀለ።

በአንድ የገበያ ቀን፣ እህል ተራ መካከል፣ ገዱን ከሁለት ዘመዶቹ ጋር አየው። ገዱም አየው።

«መሮጤን አላስታውስም» ይላል ደርበው። «ጉልላቱን ማየቴን ግን አስታውሳለሁ። ደብር ነው፣ ከደረስሁ ተረፍሁ አልሁ።»

በአገሩ ወግ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው አይነካም፤ አሳዳጁ ከደጁ ይመለሳል። ደርበው አንድ ጫማውን መንገድ ላይ ጥሎ ደረሰ። ያን ሁሉ ፍርሃት ተሸክሞ ሌላኛውን ጫማ ደጁ ላይ አወለቀ። ድንጋዩን ሳመና ወደ ውስጥ ወደቀ።

«በሴቶች በር ነው የገባሁት» ይላል አሁን እየሳቀ። «ለነፍሱ የሚሮጥ በር አይመርጥም።»

ያኔ ቤቱ የመምህራን ማሠልጠኛ ቤተ መጻሕፍት፣ ዝናሽም ሥራ የጀመረች ወጣት ነበረች። ከመደርደሪያው ሥር የተዘረጋውን ሰው ስታይ ብድግ አለች።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ለታቦቱ ተማፅኛለሁ እመቤቴ።»

«ለየትኛው ታቦት?»

«ለዚህ ደብር ታቦት። ማን ይባላል ታቦቱ?»

«እዚህ ታቦት የለም። አንተ የወደቅህበት ጂኦግራፊ ነው።»

አንድ ተማሪ ሳቀ። ዝናሽ ዞራ «ከሳቅህ መታወቂያህን ተቀበለኝና ውጣ» አለችው። ከዚያ በደጁ በኩል ወደ ውጭ አየች። ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ከፊት ያለው፣ ገዱ፣ ጋቢውን አጣፋ፤ ሲያጣፋ ከሥሩ ሽጉጥ ታየ። ወደ በሩ ቀረበ። ግንባሩን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆየ። ሳመው። ዘመዶቹን ይዞ ሄደ።

«ሄዱ» አለች ዝናሽ። «ሳመውና ሄደ።»

«ደብር መስሎት ነው» አለ ደርበው ከወደቀበት።

«አንተስ ምን መስሎህ ነው?»

ደርበው መጻሕፍቱን ሽቅብ አያቸው። 

ዝናሽ በዕቃ ማስቀመጫው ክፍል አሳደረችው። ሰንበትበት ብሎ ማሠልጠኛው ጥበቃ አድርጎ ቀጠረው። ያን ቀን የገባው ሰው ከዚያ በኋላ ከግቢው አልወጣም። ሳሙናና ሽንኩርት የሚገዙለት ተማሪዎች ናቸው። ቅዳሴ የሚሰማው ከማዶው ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ነው፤ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ፊቱን ወደ ባሕር ዛፉ አዙሮ። ታቦት የሌለበት ደጅ ሸሽጎት ታቦት ወዳለበት መሄድ አቃተው። ማሠልጠኛው አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን እሱም ከነአግዳሚው ተሻገረ።

«ጋሼ ደርበው፣ ስንተኛ ዓመት ደረሱ?» ይሉታል ተማሪዎች።

«የማይመረቅ ዓመት ነኝ።»

ከእሱ በፊት የነበረው ጥበቃ የሚሳለሙትን «ሂዱ፣ ደብር አይደለም!» እያለ ይመልስ ነበር። ደርበው ማንንም መልሶ አያውቅም። አገሬው ቤቱን ደብር እስካለው ድረስ ገዱም ደብር ይለዋል፤ ገዱ ደብር እስካለው ድረስ ደርበው በሕይወት ይኖራል። አንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲው «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ትልቅ ታፔላ በመንገዱ በኩል አቆመ። ደርበው ከታፔላው ፊት ግራዋ ተከለ። ግራዋ ቶሎ ያድጋል። በሁለት ክረምት ጽሑፉን ሸፈነው። ዓመቱ ሲዞር ለአረንጓዴ ልማት ባሳየው ትጋት የምስጋና ወረቀት ተሰጠው፤ ወረቀቱን ከአግዳሚው በላይ ለጥፎታል።

እናቱ የሞተችው ከዚህ በኋላ ነው። ከመካነ ብርሃን የመጣ የአይሱዙ ሾፌር አረዳው። ዝናሽና ተማሪዎች አብረውት ደጁ ላይ ተቀመጡ። ቀባሪ ሆኖ አልሄደም። ስለ ሌላው ሁሉ ሲያወራ ይቀልዳል፤ እዚህ ሲደርስ «አፈር አላለበስኋትም» ብቻ ይላል።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ አንዲት አዲስ ተማሪ መጣች። ደርበው እንደ ልማዱ መታወቂያዋን ተቀብሎ አነበበ። ሃና ገዱ ይላል።

«የት አገር ነሽ ልጄ?»

«ጃናሞራ።»

«ከጃናሞራ የት?»

«መካነ ብርሃን። ያውቁታል እንዴ አባባ?»

«ስሰማ» አለና መታወቂያውን መለሰላት።

ሃና ወሬ ትወዳለች። ንባብ ሲሰለቻት ወጥታ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ከቤት የተላከላትን በሶ በጥብጣ አቀረበችለት።

«የየት ገብስ ነው?» አለ ደርበው።

«የአባቴ። ከወንዙ ማዶ ካለው ማሳ።»

ያን ማሳ እስከ ወሰን ድንጋዩ ያውቀዋል። ወንድሙና ይታያል የተጣሉት በእሱ ነው። ጣሳውን ይዞ ቆየና ጠጣ። «ገብሱ ጥሩ ነው» አላት። ማን እንደሆነ አልነገራትም።

ከጥምቀት በኋላ በአንድ ከሰዓት ሃና እየሳቀች ከውስጥ ወጣች፤ ስልኳን እንደያዘች።

«አባባ፣ አባቴ ምን እንዳለኝ ይገምቱ! የማጠናው ዳባት፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ያለው ክብ ቤት ነው ስለው፣ ‹እሱማ ደብር ነው› ብሎ ክርክር ያዘኝ!»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ላይብረሪ ነው አልኩት፤ አያምንም። የጂኦግራፊውን መደርደሪያ ፎቶ አንሥቼ ላኩለት።»

«ከዚያስ?»

«‹ታቦቱስ?› አለኝ። ‹አባዬ፣ ኖሮም አያውቅም› አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ተናደደ መሰለኝ፤ መሸነፍ አይወድም።»

ደርበው ዱላውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከዚያ መልሶ አነሣው።

ለዝናሽ የነገራት ወዲያው ነው። ፖሊስ እንንገር አለችው። «ምን ብለን? አንድ ሰው ስልክ ዘጋ ብለን?» አላት። መቅደሱ ውስጥ ልቆልፍብህ አለችው። እሱንም እምቢ አለ። በተከታዩ የገበያ ቀን ልብሱን አጥቦ ለበሰና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ገዱ ረፋድ ላይ መጣ። ብቻውን ነው፤ ሸብቷል፤ ምርኩዝ ይዟል። ጋቢው ዛሬም ድርብ ነው፤ ከሥሩ ምን እንዳለ አይታይም። የሆነውን የነገረችኝ ከበሩ ጀርባ ቆማ ያየችው ዝናሽ ናት።

ገዱ መጀመሪያ ጋቢውን አጣፋ። ጥቁሩን ድንጋይ በግንባሩ ነክቶ ሳመው። ከዚያ ዞረ።

«አለህ?»

«አለሁ» አለ ደርበው።

«ታቦት የለበትም አሉኝ።»

«የለበትም።»

«መቼ አወቅህ?»

«ያን ዕለት። ከገባሁ በኋላ።»

«ስትገባስ?»

«ስገባማ ቤተ ክርስቲያን ነበር።»

ገዱ ምርኩዙን መሬቱ ላይ ጠቅ ጠቅ አደረገ። «እኔም ስመለስ ቤተ ክርስቲያን ነበር» አለ።

 ውስጥ አንድ ወንበር ተንኳኳ።

«ሰው ይሳቅብኝ?» አለ ገዱ። «የወንድሙን ደም ጂኦግራፊ አስጣለው ይበሉኝ?»

«ማንም አልሰማም።»

«እኔ ሰምቻለሁ።» ድምፁ ከፍ አለና ተመለሰ። «የሳምሁትን ደጅ በደም አላበላሽም። ልጄም ትገባበታለች፤ ትወጣበታለች። ግን ደርበው፣ እስከ ዛሬ ያኖረህ ደጁ ነው። እኔ አልማርሁህም። ምሕረት ከእኔ የምትሻ ከሆነ እንደ ወጉ ና። ካልሆነ እዚሁ እርጅ።»

«ብመጣ ምን ትለኛለህ?»

«ስትመጣ አያለሁ።»

ከዚያ በበሩ ወደ ውስጥ አንገቱን አስገብቶ መደርደሪያዎቹን አየ። ሃና መጽሐፍ በደረቷ ታቅፋ ቆማለች። «ከዚህ ሁሉ የትኛውን ነው የምታነቢው?» አላት።  ገዱ መንገዱን ያዘ።

ሃና ወጥታ ደርበው አጠገብ ተቀመጠች። ስታለቅስ ቆይታለች።

«ማን እንደሆኑ ቢነግሩኝ ኖሮ ፎቶውን አልልክም ነበር።»

«ባትልኪማ እዚሁ በሞትሁ» አላት።

ወጉ ይህ ነው። የገዳይ ወገን ሽማግሌና የነፍስ አባት ይዞ፣ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ በሟች ወገን ደጅ ይንበረከካል። የሟች ወገን «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪል ድረስ ድንጋዩ አይወርድም። ብዙ ጊዜ ይባላል። የማይባልበትም ጊዜ አለ፤ በደጃፉ ተንበርክኮ በጥይት የቀረ ሰው ታሪክ በየአገሩ ይነገራል። ደርበው በመካነ ብርሃን ያሉትን ሽማግሌዎች በስልክ ለመነ። ወደ ገዱ ሄደው ያመጡት መልስ አንድ ቃል ነው፤ «ይምጣ።»

«ይምጣ ማለት ይማራል ማለት አይደለም» አለችው ዝናሽ። «ጡረታህ ደርሷል። እዚህ አልጋ አለህ፤ ሰው አለህ። ምን ጎደለህ?»

«የእናቴ መቃብር በገዱ ደጅ በሚያልፈው መንገድ ነው» አላት። «ተዝካሯን አላወጣሁም። እሷ ጋ ለመድረስ በእሱ በኩል ማለፍ አለብኝ።»

እኔ ዳግመኛ የሄድሁት በዚያ ሳምንት ነው። የደቡቡ በር ፈርሶ አገኘሁት። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ተማሪዎች እንዲገቡበት እየሰፋ ነበር። ከመቃኑ የወጡት ድንጋዮች በየተራቸው መሬት ላይ ተኝተዋል፤ ግንበኞቹ መልሰው ሊያስገቧቸው። ጥቁሩ ድንጋይም አለ። ከግድግዳው ሲወጣ ከድፎ ዳቦ አይበልጥም። የሚያበራው ፊቱ ብቻ ነው፤ ጀርባው እንደ ወንድሞቹ ሸካራ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የተሳመው አንዱ ፊቱ ብቻ መሆኑ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አስደነቀኝ።

ደርበው ድንጋዩን በነጠላ ሲጠቀልል የግንበኞቹ አለቃ ደረሰበት።

«ጋሼ፣ እሱ የቤቱ ነውኮ። ቅርስ ነው ብለውናል።»

«አውቃለሁ። እመልሰዋለሁ።»

«ሌላ ድንጋይ ሞልቶ የለም እንዴ? ያውልዎት፣ ቀለል ያለ።»

«ገዱ የሳመው ይሄን ነው» አለ ደርበው። «ሌላ ብወስድ አያውቀውም።»

የግንበኞቹ አለቃ ወደ ዝናሽ አየ። ዝናሽ የአንገቷን ቁልፍ እያሻሸች ቆየችና «ቦታውን ክፍት ተውለት» አለች።

«እስከ መቼ?»

«እስኪመለስ።»

«ካልተመለሰስ?»

«ሥራህን ሥራ!» አለችው። የተቆጣችው በጂኦግራፊ መደርደሪያ የሳቀውን ተማሪ እንደተቆጣችው ነበር።

ሃና አብራው ልትሄድ ፈልጋ ነበር፤ ደርበው ከለከላት። በልጅ ተከልሎ መምጣት ወግ አይደለም አላት። በሶ አሰረችለት። እሱን ተቀበላት።

እኔ እስከ ግቢው በር ሸኘሁት። ድንጋዩን እስከ መኪናው ልያዝልዎት አልሁት።

«የአንገት ዕቃ አይታገዝም ልጄ» አለኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «መጽሔቱ ላይ ግራዋውን ጽፈኸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አልጻፍሁትም።»

«ደግ አደረግህ። አሁን ይቁረጡት። ታፔላው ይታይ።»

ከአስፋልቱ ማዶ የሚኒባስ ረዳት «ደባርቅ! ደባርቅ! የሞላ!» እያለ ይጮኻል። መኪናው ባዶ ነው። ደርበው ከግቢው በር ላይ ቆመ። አንድ እግሩን አወጣ። ጫማውን ወደ ታች አየ፤ ሁለቱም እግሩ ላይ አሉ። ሁለተኛውን እግሩን አወጣ።

«አባት፣ ዕቃውን ከላይ እንጫነው?» አለው ረዳቱ ከማዶ።

«ከእኔ አይለይም!»

አስፋልቱን ለመሻገር ግራና ቀኝ አየ። መኪና አልነበረም። እንደገና አየ። ከዚያ ድንጋዩን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራው አዛውሮ ተሻገረ።